ኮሮና ሄዶ የሰውነት መከላከያችን ሳያርፍ ሲቀር

አምስተርዳም ውስጥ 25 የሎንግ ኮቪድ (ኮሮና ካለፈ በኋላ ለወራት የሚቆይ ሕመም) ታማሚዎች ብስክሌት ላይ ወጡ። የልብና የሳንባ ብርታት የሚለካበት፣ ከቦታው የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ነው። ለ15 ደቂቃ ያህል፣ አቅማቸው እስኪሟጠጥ ነዱ። ኮሮና ይዟቸው በደንብ የዳኑ 21 ሰዎችም እንዲሁ ነዱ። ከዚያ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ከሁሉም ጭን ላይ ትንሽ የጡንቻ ናሙና ተወስዶ ነበር። ብስክሌቱን በነዱ ማግስት ሁለተኛ ናሙና ተወሰደ።

ውጤቱ በጃንዋሪ 2024 ታተመ (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። የታማሚዎቹ ልብና ሳንባ ደህና ነበር። ጡንቻቸው ግን ደህና አልነበረም። ለሴሉ ኃይል የሚያመርተው ማይቶኮንድሪያ የሚባለው ክፍል ከመጀመሪያውም ደከም ብሎ ተገኘ። ከብስክሌቱ በኋላ ደግሞ ባሰበት። የሞቱ የጡንቻ ክሮች ታዩ። የመከላከያ ሴሎችም ወደ ጡንቻው ሰርገው ገብተው ተገኙ። እነዚህ ሰዎች ትንሽ ሲንቀሳቀሱ ለቀናት አልጋ ላይ የሚጥላቸው ሕመም ማይክሮስኮፕ ሥር የሚታይ ነገር ነው ማለት ነው።

ይህን ጥናት ያስቀደምኩት ብዙ የሎንግ ኮቪድ ታማሚ ደጋግሞ የሚሰማውን ነገር ስለሚያፈርስ ነው፦ «ምርመራህ ደህና ነው፤ ጭንቀት ይሆናል»። ራጁ ደህና፣ የልብ ምርመራው (ኢሲጂ) ደህና፣ የደም ቆጠራው ደህና። ሰውየው ግን ደረጃ ወጥቶ ሁለት ቀን ይተኛል። ቤተሰብ መጀመሪያ ያዝናል፣ ቆይቶ ይሰለቻል፣ በመጨረሻ «ሰነፍክ» ይላል። ምርመራዎቹ አልዋሹም። የሚያዩት ግን ችግሩ ያለበትን ቦታ አይደለም። ችግሩን ፍለጋ የገቡ ተመራማሪዎች ደግሞ በተለያየ መንገድ ተጉዘው ብዙዎቹ አንድ አካባቢ ነው የተገናኙት፦ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት።

መጀመሪያ ስለ ሕመሙ ጥቂት ልበል። የዓለም ጤና ድርጅት በኦክቶበር 2021 ባወጣው ፍቺ መሠረት ሎንግ ኮቪድ ማለት ኮሮና ከጀመረ ብዙውን ጊዜ ከ3 ወር በኋላ የሚታይ፣ ቢያንስ 2 ወር የሚቆይ፣ ሌላ በሽታ ነው ተብሎ ሊገለጽ የማይችል ሕመም ነው። ስሙን ያወጡት ግን ሐኪሞች አይደሉም። በ2020 ኤሊዛ ፔሬጎ የተባለች ጣሊያናዊት የአርኪዮሎጂ ባለሙያ፣ ራሷም ታማሚ ሆና፣ ትዊተር ላይ ተጠቀመችበት። ከዚያ ዓለም ተቀበለው። ምልክቶቹ ብዙ ናቸው። እንቅልፍ የማይፈታው ድካም፣ መርሳትና ሐሳብ መበታተን፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ሲቆሙ ማዞርና የልብ ምት መፍጠን በብዛት የሚነሱት ናቸው። በ2024 የወጣ አንድ ሰፊ ግምገማ በመላው ዓለም እስከዚያ ጊዜ ወደ 400 ሚሊዮን ሰው ሎንግ ኮቪድ እንዳጋጠመው ገምቷል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ሳይመረመር ቤቱ ታሞ ቤቱ ዳነ። ስለዚህ ከወራት በኋላ የቀረበትን ድካም ከኮሮና ጋር የሚያገናኝበት ወረቀት በእጁ የለም። ጨጓራ ነው፣ ደም ማነስ ነው፣ ብርድ ነው ሲባል ይኖራል። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን በዚህ በኩል ትንሽ ይሻላቸዋል። ከጁላይ 2021 ጀምሮ የፌዴራሉ መንግሥት ሎንግ ኮቪድ እንደ ጉዳቱ መጠን በአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ ሊሸፈን እንደሚችል አስታውቋል። በሥራ ቦታ ማስተካከያ መጠየቅ ይቻላል። በአረጋውያን እንክብካቤና በነርስነት ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ መከላከያው ልመለስ። በኮሮና ሰሞን ሁላችንም ስለ «ኢሚዩኒቲ» ስናወራ ነበር። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ሎሚ ከየቤቱ አይጠፋም ነበር። ትኩስ ነገር ጉሮሮ ያሞቃል፣ ያሳርፋል፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ከዚያ ጊዜ የቀረብን ሐሳብ ግን ዛሬ ሰው እየጎዳ ነው። ሐሳቡ «የታመመ ሰው መከላከያው ስላነሰ ነው፤ መድኃኒቱም ማጠንከር ነው» የሚል ነው። ሎንግ ኮቪድ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከዚህ የተለየ ነው። መከላከያው ሥራውን መች ማቆም እንዳለበት አላወቀም።

አንድ ቫይረስ ሲገባ የተጠቁት ሴሎች ኢንተርፌሮን የሚባሉ ፕሮቲኖችን ይረጫሉ። ለጎረቤት ሴሎች ማስጠንቀቂያ ነው። ትኩሳቱ፣ ቁርጥማቱ፣ ምግብ መጥላቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከቫይረሱ ሳይሆን ከዚህ ከራሳችን ምላሽ ነው። ለጊዜው ይጠቅማል። ቫይረሱ ሲሸነፍ ግን ማስጠንቀቂያው መጥፋት አለበት። ማጥፋቱም ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ለዚሁ የተመደቡ ሴሎች አሉ። ይህ ሥራ ሳይጠናቀቅ ሲቀር የሚሆነውን በአማርኛ ከተዳፈነ እሳት የተሻለ የሚገልጸው የለም። ነበልባል የለውም፤ ትኩሳት አይለካም፣ የተለመደው የደም ምርመራም አያሳየውም። ግን ያቃጥላል።

ሲድኒ ውስጥ የሚገኙ ተመራማሪዎች ይህን በ2022 መጀመሪያ ላይ አሳዩ። ኮሮና ከያዛቸው 8 ወር ያለፋቸውን ሰዎች ደም መረመሩ። ሎንግ ኮቪድ ባለባቸው ላይ ሁለት የኢንተርፌሮን ዓይነቶች ገና ከፍ እንዳሉ ነበሩ። የተቆጡ የመከላከያ ሴሎችም በብዛት ተገኙ። በአንጻሩ ገና ሥራ ያልጀመሩ፣ ለአዲስ በሽታ የሚጠበቁ ቲ እና ቢ የሚባሉ የመከላከያ ሴሎች አንሰዋል። ብዙዎቹ ታማሚዎች ኮሮናው ሲይዛቸው ሆስፒታል እንኳ አልገቡም ነበር።

እሳቱ ለምን አልጠፋም? አንድ መልስ የለም። አንዱ ጥርጣሬ ቫይረሱ ሙሉ በሙሉ አልወጣም የሚል ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ተመራማሪዎች የ171 ሰዎችን ደም ተከታትለው ከሩብ ያህሉ ላይ የኮሮና ቫይረስ ፕሮቲን አግኝተዋል፤ በአንዳንዶቹ እስከ 14 ወር ድረስ። በሌሎች ጥናቶች የቫይረሱ ቅሪት በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ተገኝቷል። አፍንጫ ተጠርጎ ሲመረመር ግን «የለም» ይላል።

የአንጀቱን ነገር ትንሽ ላብራራው፣ ምክንያቱም እኔን በጣም ያሳመነኝ እዚህ ላይ ያለው ሰንሰለት ነው። በኦክቶበር 2023 የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን እንዲህ አለ። በአንጀት የቀረው ቅሪት ኢንተርፌሮን እንዲመረት ያደርጋል። ኢንተርፌሮኑ አንጀት ከምግብ ውስጥ ትሪፕቶፋን የሚባለውን ንጥረ ነገር በደንብ እንዳይስብ ያውካል። ሰውነታችን ሴሮቶኒን የሚባለውን መልእክተኛ ኬሚካል የሚሠራው ከትሪፕቶፋን ነው፤ አብዛኛው የሚሠራውም አንጀት ውስጥ ነው። ስለዚህ በደም ውስጥ ያለው ሴሮቶኒን ይቀንሳል። ሴሮቶኒን ሲቀንስ ከአንጀት ወደ አንጎል መልእክት የሚያደርሰው ቫገስ ነርቭ ይዳከማል። ተመራማሪዎቹ ይህ የደረሰባቸውን አይጦች ሲፈትሹ ትዝታቸው ቀንሶ አገኙት። ሴሮቶኒኑን ሲመልሱላቸው ትዝታቸው ተሻሻለ።

እስቲ አስቡት። አንድ ሰው «ነገር እረሳለሁ፣ ሐሳቤ ይበተናል» ብሎ ይመጣል። ኤምአርአይ ይነሳል፤ አንጎሉ ደህና ነው። መነሻው ግን ሆዱ ውስጥ ሊሆን ይችላል። የሴሮቶኒን ማነስ በሁሉም ቡድኖች ጥናት፣ በሁሉም ታማሚ ላይ አልታየም። ስለዚህ የሁሉም ሰው ሎንግ ኮቪድ ይህ ነው ማለት አይቻልም። ለአንዳንዱ ግን ከሩቅ የሚመስሉ ነገሮች እንዴት እንደሚያያዙ ያሳያል። ደብሊን የሚገኙ ተመራማሪዎች ደግሞ በ2024 ከራሱ ከአንጎል በኩል መጡ። ሐሳብ መበታተን ባለባቸው ታማሚዎች ላይ፣ ከደም ወደ አንጎል የሚያልፈውን የሚመርጠው ግድግዳ አፍስሶ አገኙት።

ሁለተኛው ጥርጣሬ በውስጣችን የተኙ ቫይረሶችን ይመለከታል። አልማዝ ባለጭራን የማያውቅ የለም። በልጅነት የያዘን የጉድፍ ቫይረስ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ለአሥርት ዓመታት ይኖራል። መከላከያችን ሲዘናጋ ይነሳና በአንድ ጎን ቆዳችንን ያቃጥለዋል። እንዲህ የሚኖር ሌላም ቫይረስ አለ፤ ኤፕስታይን ባር ይባላል። ከ10 አዋቂዎች ከ9 በላይ የሚሆኑት ይዘውታል፤ አብዛኞቹ መያዛቸውን እንኳ አያውቁም። በ2022 ከሲያትል የወጣ ጥናት ለሎንግ ኮቪድ ያጋልጣሉ ብሎ ከለያቸው አራት ነገሮች አንዱ ኮሮናው ሲይዝ በደም ውስጥ የኤፕስታይን ባር መታየት ነበር። ሌሎቹ ዓይነት 2 ስኳር፣ በደም ውስጥ የኮሮና ቫይረስ ብዛት፣ እና የራስን አካል የሚያጠቁ አንቲቦዲዎች (መከላከያው ወራሪን ለመዋጋት የሚሠራቸው ፕሮቲኖች) ነበሩ።

በየል ዩኒቨርሲቲ አኪኮ ኢዋሳኪ፣ በኒውዮርኩ ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ደግሞ ዴቪድ ፑትሪኖ የመሩት ጥናትም በ2023 ወደዚያው አመለከተ። ወደ 270 ሰው ተመርምሮ፣ በታማሚዎቹ ላይ ኤፕስታይን ባር እንደተነሳ የሚጠቁሙ አንቲቦዲዎች በርክተው ተገኙ። የደከሙ ቲ ሴሎችም ታዩ። ሁሉንም ያስገረመው ግን ኮርቲሶል ነበር። ጠዋት ከእንቅልፍ የሚያነሳን፣ የመከላከያውን ቁጣም የሚያበርደው ይህ ሆርሞን በታማሚዎቹ ደም ውስጥ ከጤነኞቹ በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ። ሌሎች ቡድኖች የኮርቲሶሉን ውጤት ሁልጊዜ አላገኙትም። ክርክሩ አሁንም አለ። ቢሆንም የደከሙ ቲ ሴሎች እና የተቆጡ ሴሎች በአንድ ሰው ደም ውስጥ አብረው መገኘታቸው አንድ ነገር ያስተምራል። መከላከያ «ጠነከረ» ወይም «ደከመ» ተብሎ በአንድ ቃል አይጠቃለልም። በአንድ በኩል ዝሎ በሌላ በኩል ሊቆጣ ይችላል።

ሦስተኛው፣ ለብዙ ሴቶች ቅርብ የሆነው ጉዳይ ነው። መከላከያው ወዳጅን ከጠላት መለየት ሲሳነው የራሱን አካል የሚያጠቃ አንቲቦዲ ይሠራል። እንደ ሉፐስና የሪህ ቁርጥማት (ሩማቶይድ አርትራይተስ) ያሉ እንዲህ ዓይነት በሽታዎች ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ በዝተው ይታያሉ። ሎንግ ኮቪድም እንደዚያው ሴቶች ላይ ይበዛል። ይህ በአጋጣሚ አይመስለኝም። በ2024 የአምስተርዳምና የየል ቡድኖች፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ሥራ፣ ከታማሚዎች ደም የወጣ አንቲቦዲ ጤነኛ አይጦችን ወጉ። አይጦቹ ለሕመም ይበልጥ ስሜታቸው ሰላ። ከጤነኛ ሰው የተወሰደው እንዲህ አላደረገም። ስለዚህ ቢያንስ በአንዳንድ ታማሚዎች ላይ ሕመሙ በደማቸው ውስጥ ተይዞ የሚተላለፍ ነገር አለው።

የደም መርጋትን ነገር በአጭሩ ልለፈው። በደቡብ አፍሪካ ስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ ሪሲያ ፕሪቶሪየስ በታማሚዎች ደም ውስጥ በቀላሉ የማይሟሙ ጥቃቅን የረጉ ቅንጣቶች አሉ ስትል ከ2021 ጀምሮ ትከራከራለች። የዙሪክ ተመራማሪዎች በ2024 ከመከላከያው ክፍሎች አንዱ የሆነው ኮምፕሊመንት የሚባል የፕሮቲኖች ስብስብ በታማሚዎች ላይ ሳያርፍ እንደሚቆይ፣ ይህም ከመርጋት ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ። በዚህ ላይ ተመርኩዞ ደም ማቅጠኛ በራስ ፈቃድ መውሰድ ግን አደገኛ ነው።

ይህ ሁሉ እውቀት እያለ መድኃኒቱስ የታለ? የአሜሪካ ኮንግረስ ለዚህ ምርምር 1.15 ቢሊዮን ዶላር መድቧል። እስካሁን ግን ትልልቅ ሙከራዎች ደጋግመው አልተሳኩም። ስታንፎርድ ላይ 155 ታማሚዎች የኮሮና ቫይረስን የሚገታውን ክኒን ፓክስሎቪድን ወይም የማስመሰያ ክኒን ለ15 ቀን ወሰዱ፤ ልዩነት አልታየም። የራስን አካል የሚያጠቁ አንቲቦዲዎችን ለማክሸፍ በጀርመን የተሠራ መድኃኒትም ተስፋ ተጥሎበት ሳይረዳ ቀረ።

እኔ ከዚህ የምረዳው መንገዱ ስህተት ነው የሚል አይደለም። ሎንግ ኮቪድ በአንድ ስም የተጠሩ በርካታ ሕመሞች ነው የሚል ነው። ለአንዷ ችግሩ አንጀት ውስጥ የቀረው ቅሪት ነው። ለሌላው የተነሳ ቫይረስ፣ ለሌላዋ የራሷን ነርቭ የሚነካ አንቲቦዲ። ሁሉንም ደባልቆ ለሁሉም አንድ ክኒን ቢሰጥ፣ የሚጠቅማቸው ጥቂቶች ከማይጠቅማቸው ብዙዎች ጋር ተደምረው አማካዩ ዜሮ ይሆናል። መድኃኒት ከመሞከር በፊት ታማሚዎቹን በደማቸው መለየት ያስፈልጋል። ይህ ከሁሉም በላይ ሊቀድም የሚገባ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

መከላከል ላይ ግን ጥሩ ዜና አለ። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮችን መዝገብ የመረመረ ጥናት በ2024 እንዳሳየው፣ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዘመን ሳይከተቡ ከተያዙ 100 ሰዎች ከ10 በላይ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ሎንግ ኮቪድ አጋጥሟቸዋል። በኦሚክሮን ዘመን ተከትበው ከተያዙት መካከል ቁጥሩ ወደ 3.5 ወርዷል። ሌላው ሜትፎርሚን ነው፤ በየፋርማሲው ያለው ርካሹ የስኳር መድኃኒት። በአሜሪካ በተደረገ ሙከራ ከልክ ያለፈ ክብደት ያላቸው ሰዎች ኮሮና እንደያዛቸው ሲጀምሩት ሎንግ ኮቪድ በ41 በመቶ ቀንሷል። ይህ ገና ሲይዝ ለተጀመረ ነው። ሕመሙ ከቆየ በኋላ ይፈውሳል የሚል ማስረጃ አይደለም።

አሁን ታማሚ ለሆነ ሰው ምን ይረዳል? ሐኪሙ መጀመሪያ ሌላውን ሁሉ ያጣራ። በእኛ አገር ለወራት የሚቆይ ድካም ቲቢ፣ ደም ማነስ፣ እንቅርት፣ ስኳር፣ ኤችአይቪ ሊሆን ይችላል፤ ለእነዚህ ደግሞ ሕክምና አለ። እነሱ ከሌሉ «ምንም የለም» ብሎ ከመሸኘት አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ ከደከሙ በማግስቱ ምን ይሆናሉ? በማግስቱ የሚጥል ከሆነ «ስፖርት ሥሩ፣ ሰውነትዎን ያፍታቱ» የሚለው ምክር ይጎዳል። እንዲህ ያለ ሰው አቅሙን ቆጥቦ፣ ሥራውን ቆራርጦ፣ ከመድከሙ በፊት ማረፍ አለበት። ቤተሰብም ይህን እንደ ሕክምናው ቢቆጥርለት ትልቅ ነገር ነው።

ከፋርማሲ ዴክሳሜታዞን ገዝቶ መውሰድን ግን በብርቱ እቃወማለሁ። በ2020 እንግሊዝ ውስጥ የተደረገው ሙከራ መድኃኒቱ ኦክስጅን የሚያስፈልጋቸውን ከባድ ታማሚዎች ሕይወት እንደሚያተርፍ አሳየ። ያደረገውም ከልክ ያለፈውን የመከላከያ ቁጣ ማብረድ ነበር። ቤት ውስጥ ለወራት ሲወሰድ ስኳር ያስነሳል፣ አጥንት ያሳሳል፣ የተኛ ቲቢ ይቀሰቅሳል። አሁን አሜሪካ ውስጥ ለሎንግ ኮቪድ የሚሞከረው ባሪሲቲኒብም የሚሠራው ኢንተርፌሮን የሚያስተላልፈውን መልእክት በማፈን ነው፤ በመደበኛነት የሚሰጠው ለሪህ ቁርጥማት ነው። እሱም የቲቢ ማስጠንቀቂያ አለው። ቲቢ በተስፋፋበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መድኃኒቱ ነገ ቢፈቀድ እንኳ አሜሪካ ላይ የተሞከረበት መንገድ ጎንደር ላይ እንዳለ አይሠራም።

ቀደም ብዬ ያነሳኋቸው የሲድኒ ተመራማሪዎች ያንኑ የታማሚዎች ቡድን ከ2 ዓመት በኋላ መልሰው አይተውታል። አብዛኞቹ ተሽሏቸዋል፤ የደማቸውም ምልክት ወደ ጤነኞቹ ቀርቧል። እሳቱ ለብዙዎች ቀስ ብሎ ይጠፋል ማለት ነው። ሁሉም ላይ ግን አይደለም።

ለቀሩት ሰዎች ኢትዮጵያ ውስጥ ልምድ የለም አይባልም። የኤችአይቪ ክሊኒክ ውስጥ የሠሩ ሐኪሞችና ነርሶች መድኃኒት ጀምሮ መከላከያው ሲያገግም ድንገት የሚብስበትን ታማሚ አይተዋል። የተደበቀ ቲቢ የነበረው ሰው መከላከያው ነቅቶ ሲታገለው ትኩሳትና እብጠት ይመጣል። በሽታው ሳይሆን ምላሹ ሰውን እንደሚያሳምም እነሱ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ለዓመታት ታማሚን በካርድና በቀጠሮ መከታተልንም ያውቁበታል። በዚያው የክትትል ካርድ ላይ «ኮሮና ይዞዎት ነበር? ከዚያ በኋላ ምን ቀረብዎት?» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር፣ እዚህ ያለው ሕመም መቆጠር ይጀምራል። ቀጣዩ የመድኃኒት ሙከራ አገር ሲመርጥም የምናሳየው መዝገብ ይኖረናል።